ባይፖላር ከተባሉ በኋላ ሥራን መያዝ፦ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚመላለስ ሠራተኛ ዝርዝር መመሪያ

ሐኪሙ ሕመሙ ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት ከልክ በላይ እየተነሳ ደግሞ እየወደቀ የሚመላለስበት የአእምሮ ሕመም መሆኑን ነግሮ ካሰናበተ በኋላ፣ ገና ታክሲ ሳይያዝ የሚመጣው ጭንቀት የሥራ ነው። ነገ ለአለቃዬ ምን እላለሁ? ወረቀቱን ማን ያነበዋል? የሌሊት ፈረቃውስ እንዴት ይሆናል?

በገላንና በዱከም አካባቢ ባሉ ፋብሪካዎች በሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። የሕመም ፈቃድ ወረቀት ተቀብዬ ፋይል ውስጥ የማስገባው እኔ ነኝ። ታናሽ እህቴም ይኸው ሕመም ስላለባት ነገሩን ከቢሮም ከቤትም አውቀዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ መድኃኒት የምጽፈው ሐኪምዎን ምን መጠየቅ እንዳለብዎ ለማመልከት ብቻ ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። በዚህ ሕመም ምክንያት ከሥራ ሲወጡ ካየኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሥራቸውን አሳምረው የሚያውቁ ነበሩ። የተበላሸባቸው ሰዓታቸው ነው፦ የእንቅልፍ ሰዓት፣ የፈረቃ ሰዓት፣ የቀጠሮ ቀን፣ ወረቀት የሚገባበት ቀን። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ምክር ስለ ሰዓትና ስለ ቀን ነው።

1. በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መልቀቂያ አይጻፉ

ሕመሙ በታወቀ ሰሞን መልቀቂያ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ድባቴ (ስሜት በጣም የሚወድቅበት ጊዜ) ውስጥ ነው፤ «ለድርጅቱ ሸክም ሆኛለሁ» ይላል፣ ድምፁ አይሰማም። ሌላው ገና ከማኒያ (ስሜት ከልክ በላይ ከሚነሳበት ጊዜ) አልወረደም፤ የራሱን ድርጅት ሊከፍት ነው፣ ማመልከቻው አራት ገጽ ነው፣ አለቃውንም በሦስት ቦታ ይሰድባል። ሁለቱም ከወራት በኋላ «ያን ወረቀት ባልጻፍኩት» ይላሉ። መልቀቂያ አንዴ ተፈርሞ ከገባ መመለሱ በአሠሪው በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የሕመም ፈቃድ ግን መብት ነው፤ መጀመሪያ እሱን ይጠቀሙ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚለው እንዲህ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ (የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም) ሲታመም በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ማግኘት ይችላል። የመጀመሪያው አንድ ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ፈቃዱ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ሊወሰድ ይችላል። ይህ ለባይፖላር ታማሚ ትልቅ ነገር ነው፤ ሕመሙ ሄድ መለስ የሚል በመሆኑ ሙሉውን ፈቃድ በአንድ ጊዜ ላያስፈልግዎ ይችላል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ የሚተዳደሩት በሌላ አዋጅ ነው፤ የፈቃዱንም ርዝመት ከሰው ሀብት ክፍልዎ ይጠይቁ።

ሕጉ ሁለት ግዴታ ይጥልብዎታል። አሠሪው ሁኔታውን የሚያውቅ ካልሆነ ወይም ለማሳወቅ የማይቻል ካልሆነ በስተቀር፣ ከሥራ በቀሩ ማግስት ማሳወቅ አለብዎ። ከታወቀ የሕክምና ድርጅት የተሰጠ ማስረጃም ማቅረብ አለብዎ።

በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በተግባር ሰዎች የሚወድቁት በክፍተቱ ላይ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ዕረፍት የሰጠው እስከ ዓርብ ነው እንበል፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ ረቡዕ ነው። ሰኞና ማክሰኞ በማንኛውም ወረቀት አልተሸፈኑም። እርስዎ «ታምሜ ነበር» ይላሉ፤ የመገኘት መዝገቡ «ያለ ፈቃድ ቀሪ» ይላል። በዚህ መልክ የተጠራቀሙ ቀናት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ያመጣሉ፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ በስድስት ወር ውስጥ በጠቅላላው አምስት ቀን ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ደግሞ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጥ ወዲያው ለማሰናበት በቂ ነው። ስለዚህ ከሐኪሙ ክፍል ከመውጣትዎ በፊት ወረቀቱ ላይ ያለውን የመጨረሻ ቀን ከቀጠሮ ካርዱ ጋር ያስተያዩ። ካልተገናኙ እዚያው ያስተካክሉ።

ወረቀቱን ቤተሰብ ሊያደርሰው ይችላል። የሚያደርሰው ሰው ዋናውን ሰጥቶ ቅጂው ላይ «ተቀብያለሁ» የሚል ፊርማና ቀን ያስጽፍ። ከመሄዱ በፊትም በስልክ ፎቶ አንሱት። እኛ ጋ ወረቀት ይጠፋል፤ ይህን የምለው ከውስጥ ሆኜ ነው።

2. የራስዎን ምልክቶች ከሚያምኑት ሰው ጋር ሆነው ይጻፉ

ባይፖላር ሁለት ጫፍ አለው። በማኒያ ጊዜ ስሜት ከልክ በላይ ይነሳል፤ እንቅልፍ ይቀንሳል ግን ድካም የለም፣ ንግግር ይፈጥናል፣ ሐሳብ ይሮጣል፣ ገንዘብ ይበተናል፣ ቁጣ ይቀርባል። በድባቴ ጊዜ ሁሉም ይገለበጣል። በአንደኛው የባይፖላር ዓይነት ማኒያው ከባድ ነው፤ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል፣ አንዳንዴም ሆስፒታል ያስተኛል። በሁለተኛው ዓይነት ከፍታው ቀለል ያለ ነው፤ ድባቴው ግን ጊዜ ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሕመሙ ያለባቸውን ሰዎች 40 ሚሊዮን ያህል ብሎ ገምቷቸዋል።

መጽሐፍ ላይ ያለው ይህ ነው። ለሥራዎ የሚጠቅመው ግን የእርስዎ ምልክት ነው። የሚመለከተን ከፍታው ሲጀምር ያለው ጊዜ ነው፤ ያኔ ሠራተኛው ለሁሉም ሰው ግሩም መስሎ ይታያል። ከሰው ሁሉ በፊት ይገባል፣ የባልደረባውን ፈረቃ «እኔ እሸፍንልሃለሁ» ይላል፣ ለአለቃው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የምርት ማሻሻያ ሐሳብ በቴሌግራም ይልካል። ፎርማኑ ያመሰግነዋል። በሁለተኛው ሳምንት ይጣላሉ።

የድባቴው መግቢያ ጸጥ ያለ ነው። ሻይ ሰዓት ላይ ብቻውን ይቀመጣል፣ ስልክ አያነሳም፣ ልብስ መቀየር ይከብደዋል፣ ቀላል ቁጥር ሦስት ጊዜ ይሳሳታል።

አብሮዎት የሚኖር ሰው ይቀመጥና ባለፈው ጊዜ መጀመሪያ ምን እንዳየ ይንገርዎ። እርስዎ ካስታወሱት የሱ ይበልጣል፤ ማኒያ ከውስጥ ሲታይ ጤና ነው የሚመስለው። አምስት ወይም ስድስት ምልክት በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፣ ከሥሩም «ከነዚህ ሁለቱ ሲታዩ ለሐኪም ስልክ ይደወላል» ብለው ይስማሙ። እህቴ ዘንድ የመጀመሪያው ምልክት ሌሊት ቤት ማጽዳት ነው። ሌላ ሰው ዘንድ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል።

3. እንቅልፍን ከመንገዱና ከፈረቃው ያስጥሉ

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ከመድኃኒቱ ቀጥሎ ሥራውን የሚይዘው ይህ ነው። በባይፖላር ታማሚ ላይ እንቅልፍ ማጣት የማኒያ ምልክት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ራሱ ማኒያን ይቀሰቅሳል። አንድ ሌሊት ሙሉ ያለ እንቅልፍ ማደር ለሌላው ሰው ድካም ነው፤ ለእርስዎ ግን የወር ሕመም መነሻ ሊሆን ይችላል።

አሁን ሒሳቡን ይሥሩ። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ ወይም ለገጣፎ የሚኖርና መሐል ከተማ የሚሠራ ሰው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ ለመገኘት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ሰልፉ ረዥም ከሆነ ከዚያም በፊት። ከሥራ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጥቶ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት ይደርሳል። እራት፣ ልጆች፣ ዜና፣ አንድ ስልክ፤ አምስት ሰዓት ሆነ። የተረፈው ስድስት ሰዓት ነው፣ እሱም ወዲያው እንቅልፍ ከያዘው። እንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ «በቂ እንቅልፍ ይተኙ» ብሎ መምከር ቀልድ ነው። መለወጥ የሚቻለውን ነገር አንድ በአንድ መፈለግ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የመግቢያ ሰዓት ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት አንድ ሰዓት ዘግይቶ ገብቶ አንድ ሰዓት ዘግይቶ መውጣትን ይፈቅዳል፤ የሚጠይቅ ስለሌለ ብቻ የተከለከለ ይመስላል። ምክንያቱን «የሐኪም ትእዛዝ ያለበት የጤና ጉዳይ» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ሰርቪስ ነው። የድርጅቱ መኪና በሠፈርዎ የሚያልፍ ከሆነ መቀመጫ ይጠይቁ፤ በሰልፍ ላይ የሚቃጠለውን ጊዜ ያስቀራል። ሦስተኛው ከባድ ነው፣ ግን ልበለው፦ የሚከራዩ ከሆነ ከሥራው አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል፣ ሩቅ ካለ ሰፊ ቤት ለእርስዎ ትሻላለች። በመንገድ ላይ በየቀኑ የሚጠፉትን ሰዓታት ወደ እንቅልፍ ይመልሷቸዋል።

የመተኛና የመነሻ ሰዓትዎ እሑድም ያው ይሁን። እሑድ እስከ እኩለ ቀን ተኝቶ ማካካስ ሰኞ ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣል።

ፈረቃ የሚሠሩ ከሆነ ጉዳዩ የባሰ ነው። በየሳምንቱ የሚቀያየር ፈረቃ ለዚህ ሕመም መጥፎ ነው። ሐኪምዎን እንዲህ ብለው በግልጽ ይጠይቁ፦ «በሌሊት ፈረቃና በሚቀያየር ፈረቃ እንዳልመደብ የሚል አጭር ማስረጃ ይጻፉልኝ።» የሕመሙ ስም በዚያ ወረቀት ላይ ባይጠቀስም አሠሪው የሚፈልገውን ያገኛል። አሠሪው ቋሚ የቀን ፈረቃ የለኝም ካለ ቋሚ የከሰዓት ፈረቃ ይሻላል፤ ቢያንስ ሰዓቱ አንድ ነው። የሌሊት ፈረቃ አበል እንደሚቀር ይወቁና በጀትዎን አስቀድመው ያስተካክሉ። ብዙ ሰው ፈቃዱን ካገኘ በኋላ ወደ ሌሊት የሚመለሰው ለዚያ አበል ሲል ነው።

የትርፍ ሰዓት ሥራም እዚሁ ይገባል። በአዋጁ መሠረት ከአደጋ፣ ከአስቸኳይ ሥራና ከመሳሰሉት የተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት እንዲሠራ አይገደድም፤ ሲሠራም በቀን ከ4 በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ስሜትዎ ከፍ ባለ ጊዜ ትርፍ ሰዓት የሚጠይቁት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ስለዚህ ጤነኛ በሆኑበት ቀን ወሰን ያብጁ፣ ለምሳሌ «በሳምንት ከአንድ ቀን አይበልጥም»፣ እሱንም ለቤተሰብ ይንገሩ።

ከሥራ ውጭ ያሉትንም ሌሊቶች ይቁጠሩ፦ ለቅሶ ቤት ማደር፣ ሠርግ፣ ማኅሌት፣ የማታ ትምህርት ፈተና። ለቅሶ መቅረት ነውር ነው፤ ቀን ሄዶ ማታ መመለስ ግን ነውር አይደለም። ለዕድሩ ጸሐፊ «ሌሊት እንዳላድር ሐኪም ከልክሎኛል» ማለት በቂ ነው።

ጫትን በተመለከተ ማለሳለስ አልፈልግም። ጫት አነቃቂ ነው፣ እንቅልፍ ይሰርቃል፣ ማኒያን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ከዚያ ለመተኛት ተብሎ የሚጠጣው አረቄ ወይም ቢራ ደግሞ ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጫል። ሌሊት የሚሠሩ ጥበቃዎችና ሹፌሮች ይህን ዑደት በደንብ ያውቁታል። ቡና መተው አያስፈልግ ይሆናል፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ያለውን ግን ይተዉት።

4. መድኃኒቱን ከሥራው ቀን ጋር ያስማሙ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠዋት ጠዋት ራስ የመክበድና የመፍዘዝ ስሜት የተለመደ ነው፤ በተለይ ኦላንዛፒን፣ ክሎርፕሮማዚንና ኩዌታፒን የሚወስዱ ሰዎች ላይ ይታያል። ብዙ ሠራተኛ መድኃኒቱን የሚያቋርጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማኒያው ሲመለስ ግን የሚጠፋው ሥራው ራሱ ነው። ከማቋረጥ በፊት ሐኪሙን «የማታውን መጠን ቀደም ብዬ፣ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ልውሰደው?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ይህች ለውጥ ብቻ ጠዋቱን ታቀላለች። እስኪለምዱት ድረስ መኪና ከመንዳት፣ ከፍታ ላይ ከመሥራትና የሚቆርጥ ማሽን ከመያዝ እንዲያርፉ ለፎርማኑ ይንገሩ።

ሊቲየም የሚወስዱ ከሆነ ውኃ ወሳኝ ነው። ሰውነት ሲደርቅ በደም ውስጥ ያለው የሊቲየም መጠን ይጨምርና መርዝ ይሆናል። የሚሞቅ የፋብሪካ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው የውኃ ኮዳ ይዞ ይግባ፤ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘው ሳይዘገይ ሐኪም ያማክር። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም መጠኑን ያንሩታል፤ ፓራሲታሞል ይሻላል። እጅ ከወትሮው በላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ ሲመጣ፣ አንደበት ሲተሳሰር ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የሊቲየሙን መጠን የሚለካው የደም ምርመራ፣ መጨረሻ ከተወሰደው መድኃኒት 12 ሰዓት ያህል በኋላ ስለሚደረግ ቀጠሮዎን ጠዋት ያድርጉት፤ የዚያን ዕለት ጠዋት መድኃኒቱን ደም ከሰጡ በኋላ ይውሰዱ።

ጾም እዚህ ይመጣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መቆየትም ሆነ የረመዳን ጾም ለሊቲየም ተጠቃሚ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው። ለንስሐ አባትዎ ወይም ለኢማሙ ይንገሩ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ሐኪሙን ያማክሩ። ጠበል የሚሄዱም መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ። እምነት ያለው ሰው መድኃኒት መጣል አለበት የሚሉ ሰዎች ሥራዎን መልሰው አይሰጡዎትም።

ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች ሶዲየም ቫልፕሮኤት ከታዘዘላቸው ስለ እርግዝና ሐኪሙን ሳይጠይቁ አይውጡ፤ በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል።

መድኃኒት የሚያልቅበትን ቀን ከአሥር ቀን በፊት ስልክዎ ላይ ያስመዝግቡ። አንዱ መድኃኒት ቤት ሲጠፋ ሌላው ጋ ለመፈለግ ጊዜ ያስፈልጋል፤ የከነማና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችን አስቀድመው ይጠይቁ፣ ዋጋቸውም ብዙ ጊዜ ይሻላል።

5. ለማን ይነገር? ምን ይባል?

የሕመሙን ስም ለአሠሪዎ የመናገር ግዴታ አለብኝ ብለው አይጨነቁ። አሠሪው ማወቅ ያለበት መታመምዎን፣ ለስንት ቀን እንደሆነና ሲመለሱ ምን ማስተካከያ እንደሚያስፈልግዎ ነው።

ነገር ግን ማኅተም የሚባል ነገር አለ። ከአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የመጣ ወረቀት ላይ ምንም ባይጻፍ ማኅተሙ ብቻውን ይናገራል፤ ከዚያ ወሬው ከመዝገብ ቤት ወደ ክበቡ ለመድረስ አንድ ምሳ ሰዓት ይበቃዋል። ሆስፒታሉ በአገሪቱ በዚህ ሙያ ትልቁ ነው፤ ባለውለታችን ነው፤ ስሙን ማላገጫ ያደረግነው እኛ ነን። ቢሆንም ሥራ የሚሠራው ከነዚሁ ሰዎች ጋር ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ክትትልዎ በአጠቃላይ ሆስፒታል ውስጥ ባለ የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ ቅዱስ ጳውሎስና ዘውዲቱ ይህን አገልግሎት ይሰጣሉ፣ ለየካ አባዶና ለለገጣፎ ነዋሪም ኤካ ኮተቤ ይቀርባል። ወይም ወረቀቱን በታሸገ ፖስታ ለሰው ኃይል ኃላፊው ብቻ፣ በእጅ፣ «ምስጢር» ተብሎ ተጽፎበት ይሰጣሉ። ለቅርብ አለቃ አይስጡ። ፎርማኑ ወይም ካቦው ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ወረቀት የሚያስቀምጥበት የሚቆለፍ መሳቢያ ግን የለውም።

ከኃላፊው ጋር ሲነጋገሩ አጭር ይሁን። ለምሳሌ፦

«ጋሽ ተስፋዬ፣ ትንሽ ጊዜ ቢሰጡኝ። ክትትል የሚያስፈልገው ሕመም ተገኝቶብኝ ሕክምና ጀምሬአለሁ። ሐኪሙ ሥራዬን መሥራት እንደምችል ነግሮኛል፤ የሌሊት ፈረቃ ግን ከልክሎኛል። ወረቀቱ ይኸው። ለቀጠሮ በየወሩ ግማሽ ቀን እፈልጋለሁ፤ ቀኑን ከሳምንት በፊት አሳውቃለሁ።»

ኃላፊው «ሕመሙ ምንድን ነው?» ካለ «ከሐኪሜ ጋር የያዝነው ጉዳይ ነው፤ የማይተላለፍ ነው፣ ሥራዬንም አያግደኝም» ይበሉ። የማይተላለፍ መሆኑን መናገር ያስቃል፤ ግን የብዙውን አሠሪ ዝምተኛ ፍርሃት የሚመልሰው ይህ ነው።

ሙሉውን መናገር የሚሻልበትም ጊዜ አለ። ማኒያው በሥራ ቦታ ታይቶ ከሆነ፣ ሰው ፊት ጮኸው ወይም ከግቢ በጥበቃ ወጥተው ከሆነ፣ ዝምታ አይጠቅምም፤ ያኔ ሕመም መሆኑ ካልታወቀ ጥፋት ተብሎ ይመዘገባል። አዋጅ 1156/2011 በአካል ጉዳትም ሆነ በሌላ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000ም በአእምሮ ጉዳት ምክንያት እኩል የሥራ ዕድል ያጣን ሰው ይጨምራል፤ አሠሪውም ተመጣጣኝ ማስተካከያ እንዲያደርግ ይጠይቃል። ይህን ሕግ የሚያውቅ የሰው ኃይል ሠራተኛ ብዙ አይደለም፤ ቁጥሩን ይዘው ይግቡ።

ከባልደረቦች መካከል አንድ ሰው ብቻ ይምረጡ። ምርጫው በወዳጅነት ሳይሆን አፉን በመቆጠቡ ይሁን። የዚህ ሰው ሥራ ምልክቶችዎን አይቶ ለቤተሰብዎ መደወል ነው፤ ስለዚህ የአንድ ቤተሰብ ስልክ ይያዝ።

6. የመመለሻው ሳምንት

ሰኞ ከመመለስ ረቡዕ ይሻላል፤ ሦስት ቀን ሠርተው ያርፋሉ። ከተቻለ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግማሽ ቀን ይጠይቁ፣ ወይም ከዓመት ፈቃድዎ እየቀነሱ ሳምንቱን ያሳጥሩት። በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አለዎት። እነሱን ለእንዲህ ያለው ጊዜ መቆጠብ ለበዓል ከመጨረስ ይሻላል።

«የት ጠፍተህ ነው?» ይባላሉ። «አሞኝ ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ተሽሎኛል» ይበሉና ሥራዎን ይቀጥሉ። በእኛ አገር ይህን ሰምቶ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎ የማያልፍ ጥቂት ነው። ማብራሪያ የሚጨምሩት እርስዎ ከሆኑ ግን ጥያቄው አያልቅም።

በማኒያ ጊዜ ያስቀየሙት ሰው ካለ አንድ ጊዜ፣ ለብቻው፣ በአጭሩ ይቅርታ ይጠይቁ። ነገሩ ከበድ ካለ በዕድሜ የሚበልጥ የሥራ ባልደረባ ይዘው ይሂዱ። በየቀኑ ይቅርታ መጠየቅ የድባቴ ምልክት ነው፤ ሰውንም ያታክታል።

በእነዚህ ሳምንታት የማስታወስ ችሎታ ይደክማል። ማስታወሻ ደብተር ይያዙ፣ ትእዛዝ ሲሰጥዎ ይጻፉ፣ ደግመው ያንብቡ።

7. ፊርማዎን ይጠብቁ

በሰው ኃይል ክፍል ካየኋቸው ጉዳቶች ከባዱ የዋስትና ነው። ለአዲስ ተቀጣሪ ወይም ለተበዳሪ ዋስ የሚሆን ሰው ሲፈለግ፣ ስሜቱ ከፍ ያለ ሰው በደስታ ይፈርማል፤ ከሕመሙ ሲነሳ ደመወዙ ላይ ዕዳ ያገኛል። ጤነኛ በሆኑበት ቀን ከሰው ኃይል ክፍል ለዋስትና የሚያስፈልገው የደመወዝ ማረጋገጫ የሚጻፍልዎት ከትዳር ጓደኛዎ ወይም ከወንድምዎ ጋር ሲመጡ ብቻ እንዲሆን ለኃላፊው በቃል ይንገሩ። ሕጋዊ ኃይል የለውም፤ ግን ጥሩ ኃላፊ ያስታውሰዋል።

ለሌላው ሁሉ፣ ማለትም ለመልቀቂያ፣ ለአቤቱታ፣ ለቦታ ሽያጭ፣ ለትልቅ ብድርና ከዕቁብ ለሚወጣ ገንዘብ አንድ ሕግ ይበቃል፦ ሁለት ሌሊት በደንብ ሳይተኙ ምንም አይፈርሙ፣ ለአለቃም ምንም አይላኩ። በስልክ የሚሰጠው የቴሌብር ብድር በደቂቃ ውስጥ ስለሚያልቅ፣ የይለፍ ቁጥሩ በሕመሙ ጊዜ በማን እጅ እንደሚሆን አስቀድመው ይወስኑ።

8. ለክፉ ቀን አንድ ገጽ

በአንድ ገጽ ላይ የሚወስዱትን መድኃኒት ከነመጠኑ፣ የሆስፒታልና የካርድ ቁጥርዎን፣ የሁለት ቤተሰብ ስልክ፣ ለሥራ ቦታ ማን እንደሚደውልና ምን እንደሚል ይጻፉ። አንዱ ቅጂ ቤት፣ አንዱ ያ ባልደረባዎ ጋ ይቀመጥ። እርስዎ «ደህና ነኝ፣ አልሄድም» ቢሉ እንኳ የትኛው ሰው ሲናገርዎ እንደሚሰሙ ይጻፉበት፤ ብዙ ጊዜ ከወላጅ ይልቅ አክስት ወይም የክርስትና አባት ይሰማል።

ድባቴው ሞትን የሚያስመኝ ከሆነ ለሥራ መጨነቅ ይቅር። ለሚቀርብዎ ሰው በዚያው ሰዓት ይንገሩ፣ ብቻዎን አይሁኑ፣ ቤት ያለውን መድኃኒትና ፀረ ተባይ ሌላ ሰው ይውሰደው፤ ወደሚቀርብዎ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ለአምቡላንስ 907 ወይም በአዲስ አበባ 939 ይደወላል። ሆስፒታል መግባት በሕመም ፈቃዱ የሚሸፈን ነው፤ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል።

9. ቋሚ ቅጥር የሌለዎት ከሆነ

የቀን ሠራተኛ፣ የባጃጅ ሹፌር፣ ጉልት ቸርቻሪ ወይም የራሱ ሱቅ ያለው ሰው ከላይ ያለው የሕመም ፈቃድ አይደርሰውም፤ ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ ውሸት ነው። ለእነዚህ ሰዎች የሚሠራው ነገር ሌላ ነው። ባጃጁን በሕመም ቀን የሚነዳ ሰው አስቀድሞ መስማማት፣ ሱቁን የሚከፍት ዘመድ ቁልፍ እንዲኖረው ማድረግ፣ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መመዝገብና መዋጮውን በጊዜ ማደስ። የዕቁብ ዕጣ ቀንም ቢሆን ከሕመም ጋር እንዳይጋጭ ገንዘቡን የሚቀበልልዎ ሰው ለዳኛው ያሳውቁ። ሥራ ለመቀየር የሚያስቡ ከሆነ የገቢው መጠን ትንሽ ቢያንስም ሰዓቱ የማይዋዥቀውን ይምረጡ።

10. ከሥራ ካሰናበቱዎት

ስንብት በቃል አይበቃም፤ ምክንያቱ የተጻፈበትን ደብዳቤ ይጠይቁ። «አልቀበልም» ብለው ጥለው አይውጡ፣ መቀበል መስማማት አይደለም። የሕመም ፈቃድ ወረቀቶችዎን ቅጂ፣ ፊርማ ያለበትን መቀበያና የቀጠሮ ካርዱን በአንድ ላይ ያድርጉ። ሠራተኛ ማኅበር ካለ መጀመሪያ ወደ እሱ፣ ከሌለ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ወደሚመለከተው የአካባቢዎ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ ሸገር ከተማ ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ ጉዳዩ የሚታየው በኦሮሚያ በኩል እንጂ በአዲስ አበባ አይደለም፣ ይህን ሳያውቁ ሳምንታት የሚያባክኑ አሉ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ድባቴ ውስጥ ሦስት ወር ሳይታወቅ ስለሚያልፍ፣ ደብዳቤው በደረሰ ሳምንት ውስጥ ማመልከቻውን የሚያስገባልዎ ሰው በውክልና ይወክሉ።